ሦስተኛዋ ወንበር ስንት ታስከፍላለች?

አሜሪካ ውስጥ የዘረመል አማካሪ ለመሆን የሚማር ሰው የክፍል ፈተና ስላለፈ ብቻ አይመረቅም። መጽሐፉን በቃሉ ቢወጣውም፣ የሙያ ማረጋገጫ ያለው ሰው አጠገቡ ሆኖ እያየው ቢያንስ 50 ታካሚዎችን በራሱ ካላስተናገደ ማስተርሱን አያገኝም። ቁጥሩን የወሰነው ለትምህርት ክፍሎቹ ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት ነው።

50 ሲባል ትንሽ ይመስላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል የሠራ ሐኪም ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ግን ችግሩ የታካሚ እጥረት አይደለም። ችግሩ ወንበር ነው።

የምክር ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ወንበር ለታካሚው፣ አንድ ወንበር ለባለሙያዋ። ሦስተኛዋ ወንበር የተማሪዋ ናት። ይህች ወንበር የምትገኘው ሆስፒታሉ ሲፈቅድ፣ ባለሙያዋ ጊዜ ሲኖራት፣ ታካሚውም «ይሁን፣ ትቀመጥ» ሲል ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ተማሪዋ ደጅ ትቀራለች። ሦስቱም ቢሟሉ እንኳ እዚያ ወንበር ድረስ ለመድረስ የቤት ኪራይ፣ የመኪና ነዳጅ፣ ያለ ደመወዝ የሚያልፉ ወራት አሉ። ስለዚህ «ማን ይቀመጥባታል?» የሚለው ጥያቄ ውሎ አድሮ «ማን ባለሙያ ይሆናል?» ወደሚለው ያመራል። ከዚያም አልፎ «ማን በገዛ ቋንቋው ይመከራል?» ወደሚለው።

ሙያው ራሱ ወጣት ነው። «የዘረመል ምክር» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው በሚኒሶታ ይሠራ የነበረው ሼልደን ሪድ ነው። ጊዜው ናዚዎች «የዘር ጥራት» በሚል ሰበብ የሠሩት ግፍ ትኩስ የነበረበት፣ አሜሪካም ራሷ «ለመውለድ አይበቁም» ያለቻቸውን ዜጎቿን በሕግ ታመክን የነበረበት ነው። ሪድ ስያሜውን ሲያወጣ ከዚያ ታሪክ መራቅ ፈልጎ ነበር። ሰው በቤተሰቡ ስላለው በሽታ እውነቱን አውቆ ውሳኔውን ራሱ ይወስን ነው ነገሩ። የመጀመሪያው የማስተርስ ትምህርት በ1969 ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ሳራ ሎውረንስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ1971 ወጡ።

ዛሬ እነዚህ ባለሙያዎች የሌሉበት ትልቅ ሆስፒታል አሜሪካ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። የጡት ካንሰር በቤተሰቧ የተደጋገመባት ሴት፣ የእርግዝና ምርመራዋ አጠራጣሪ ሆኖ የተገኘ ነፍሰ ጡር፣ ልጃቸው ለምን እንዳልተራመደ የሚጠይቁ ወላጆች ወደ እነሱ ይላካሉ። እነሱም የቤተሰቡን ታሪክ ይሰበስባሉ፣ የትኛው ምርመራ እንደሚጠቅም ይመርጣሉ፣ ውጤቱን ያስረዳሉ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ውጤቱን የሰማ ሰው ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ መቻል ነው። ይህን የመጨረሻውን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው የለም። ለዚህ ነው 50 የተባለው።

በ2013 ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሙያውን አናወጡት። በግንቦት ወር አንጀሊና ጆሊ ለካንሰር የሚያጋልጥ ዘረመል እንደተገኘባትና ጡቶቿን በቀዶ ሕክምና እንዳስወጣች በጋዜጣ ጻፈች። በቀጣዩ ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተፈጥሮ የሚገኝ ዘረመል የማንም ኩባንያ የባለቤትነት መብት ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። የምርመራው ገበያ ተከፈተ፣ ዋጋው ወረደ፣ የሚመረመረው ሰው በዛ። የምርመራ ኩባንያዎችም የዘረመል አማካሪዎችን ከሆስፒታል እያወጡ መቅጠር ጀመሩ። ብዙዎቹ የተሻለ ደመወዝ አገኙ፤ ከቤት ሆነው መሥራትም ቻሉ። ማንም አይፈርድባቸውም። ነገር ግን አንድ ባለሙያ ከሆስፒታል በወጣች ቁጥር አንዲት ሦስተኛ ወንበር አብራ ትወጣለች። አዳዲስ የትምህርት ክፍሎች በየዩኒቨርሲቲው እየተከፈቱ፣ ተማሪ የሚያስቀምጡት ክሊኒኮች ግን በዚያው ልክ ሳይጨምሩ ቀሩ።

የቀሩትም ባለሙያዎች ቢሆኑ ለጋስ ናቸው እንጂ ባለዕዳ አይደሉም። ተማሪ ይዞ መሥራት ሥራውን ያረዝመዋል። ከታካሚው በፊት ዝግጅቷን ማየት፣ ከታካሚው በኋላ «እዚህ ጋ ለምን ቸኮልሽ?» ብሎ መነጋገር፣ የጻፈችውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ማረም አለ። ለዚህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ሆስፒታሉ ባለሙያዋን የሚለካት ባየችው ታካሚ ብዛት ነው። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ አረጋውያን የመንግሥት መድን ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የዘረመል አማካሪዎችን በራሳቸው ስም ክፍያ የሚጠይቁ ባለሙያዎች አድርጎ አላወቃቸውም፤ ይህን ለማስተካከል ኮንግረስ የቀረበው ረቂቅ ሕግ በተደጋጋሚ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ገቢ የማያስገባ ክፍል ውስጥ ገቢ የማያስገባ ተማሪ ማስቀመጥ ለሆስፒታል አስተዳዳሪ ኪሳራ ነው። ወንበሯ እስካሁን ያለችው ባለሙያዎቹ «እኔንም ሌላ ሰው አስተምሮኛል» ስለሚሉ ብቻ ነው። በጎ ፈቃድ ደግሞ ደመወዝ አይተካም።

*

ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷ አዲስ አበባ ተወልዳ ሜሪላንድ ያደገች ናት። ቤተሰቡ በዲቪ ሲመጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ከአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳል፤ እናቷ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ልጅቷ ማስተርስ ስትገባ ዘመድ ሁሉ ደወለ። «ዶክተር ልትሆን ነው?» ይላሉ። እናቷ መጀመሪያ ለማስረዳት ትሞክር ነበር፤ ኋላ ደከማትና «እንደዚያ በለው» ማለት ጀመረች።

ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር በክፍል ውስጥ አለፈ፤ እሱን በብድር ተወጣችው። ያስቸገራት የተግባር ልምምዱ ነው፤ ኢትዮጵያ ያሉ ተማሪዎች «አታችመንት» የሚሉት ማለት ነው። በእርግዝና፣ በሕፃናት፣ በካንሰር ክፍሎች በየተራ መቀመጥ ነበረባት። በቅርብ ያሉት ሆስፒታሎች ወንበሮች በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ተይዘዋል። ስለዚህ የክረምቱ ስምንት ሳምንት ሌላ ግዛት ሆነ። እዚያ ክፍል ተከራየች፤ የሜሪላንዱን ድርሻዋንም መክፈል አላቆመችም። ቅዳሜና እሑድ የምትሠራበት የአበሻ ሱቅ ስምንት ሳምንት የምትጠፋ ሠራተኛ አይጠብቅምና ሌላ ሰው ቀጠረ።

ነገሩን የሚያመርረው ደግሞ ልምምዱ እንደ አንድ ኮርስ ስለሚቆጠር ለዩኒቨርሲቲው ክፍያ ያስከፍላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ ማታ ትወጣለች። ታሪክ ትሰበስባለች፣ የቤተሰብ ሐረግ ትስላለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች። ደመወዝ የለም፤ የምትከፍለው እሷ ናት። አባቷ ሒሳቡን አንድ ምሽት አብሯት ሲያሰላ ቆይቶ «ታዲያ ይሄ ሥራ ነው ወይስ ኪራይ?» አላት። መልስ አልነበራትም።

ይህ ወጪ ሁሉንም ተማሪ እኩል አይመታም። ወላጆቿ ቤት ላላቸው፣ ወርኃዊ ወጪዋን ለሚሸፍኑላት ልጅ ስምንት ሳምንቱ ጉዞ ነው፤ ለታክሲ ነጂ ልጅ ዕዳ ነው። ሁለቱም እኩል ውጤት ሊኖራቸው ይችላል። ልዩነቱ አንዷ ማመልከቻውን ስትሞላ አለማስላቷ ነው። ሌላዋ አስልታ ብዙ ጊዜ ሳታመለክት ትቀራለች። ይህ ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ሙያው በራሱ ማኅበር የአባላት ጥናት ሲታይ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ነጮች የሆኑበት አንድ ምክንያት እዚህ ተደብቋል። ማንም በር ላይ ቆሞ «አትግቢ» አላለም። ወንበሯን በጥሬ ገንዘብ ማስከፈል በቂ ነበር።

*

ለመሆኑ ማን ወንበሯ ላይ ቢቀመጥ ምን ለውጥ አለው? ሳይንሱ ለሁሉም አንድ አይደለም ወይ?

ሳይንሱ አንድ ነው፤ የሚነገርበት አፍ ግን አንድ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ። ሆስፒታል ሲሄዱ ብቁ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕግ አላቸው፤ ብዙ ጊዜም አስተርጓሚው በስልክ ይመጣል። አስተርጓሚው ሥራውን በሚገባ እየሠራ እንኳ ሦስት ቃላት መንገድ ላይ ይሰበራሉ።

አንደኛው «ፖዘቲቭ» ነው። በእንግሊዝኛ የተፈለገው ዘረመል ተገኘ ማለት ብቻ ነው። በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን «ፖዘቲቭ ነሽ» የሚለው ቃል ለዓመታት የኤች.አይ.ቪ. ቃል ነበር። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ የሚባለውን አትሰማም።

ሁለተኛው «ዕድል» ነው። «25 በመቶ ዕድል አለ» ይላል አስተርጓሚው። ዕድል በአማርኛ የሎተሪ ቃል ነው፤ የሰው መልካም ነገር ነው። በሽታ ዕድል የሚሆንበት ዓረፍተ ነገር ሰሚውን ግራ ያጋባዋል፤ አንዳንዱ የምሥራች የተነገረው ይመስለዋል።

ሦስተኛው ራሱ «ምክር» ነው። በአማርኛ ምክር ሽማግሌ የሚሰጠው ነው፤ «ይህን አድርጊ፣ ያንን ተዪ» ይላል። የዘረመል አማካሪ ግን ከሙያው ጅማሬ ጀምሮ ውሳኔውን ለታካሚው እንድትተው ነው የምትሠለጥነው። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ተብላ ስትጠየቅ ዝም ካለች፣ ሐበሻዋ እናት ይህን እንደ አክብሮት አትቆጥረውም፤ እንደ ንፍገት እንጂ።

«ዘር» የሚለው ቃልም አለ። ለሙያው የቤተሰብ ሐረግ መሳል የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ፣ ቢያንስ ሦስት ትውልድ። ለኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ አይደለም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ሦስት ትውልድ አያቅተውም። ነገር ግን ሰባት ቤት የሚቆጥረው ዝምድናን እንጂ በሽታን አይደለም። በሽታው ሲጠየቅ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይባላል፤ ምክንያቱም «ዘራቸው በሽታ አለበት» የተባለ ቤት ልጁን አይድርም። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት «ዘርህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያውያን መካከል ምን ትርጉም እንደያዘ ለማንም አይጠፋም። አንዲት ነጭ ባለሙያ በአስተርጓሚ በኩል «ስለ ዘርዎ ልጠይቅዎ» ስትል በክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለፈ ፈጽሞ አይገባትም።

*

ከሜሪላንድ የመጣችው ተማሪ ይህን ሁሉ ያወቀችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ተጎድታ፣ አንዴ ተጠቅማ።

መጀመሪያ ጊዜ የስልኩ መስመር ተቋረጠ። ክሊኒኩ ቸኩሎ ነበርና «አንቺ አማርኛ ትችያለሽ አይደል?» ተባለች። ለአንድ ሰዓት ተኩል አስተረጎመች። ታካሚዋ አመስግና፣ ጉንጯን ስማ ሄደች። ማታ ልምምዷን ስትመዘግብ ግን ያ ታካሚ ከ50ው ውስጥ አልገባም። ያስረዳችው ተቆጣጣሪዋ ናት፤ ተማሪዋ አስተረጎመች እንጂ አላማከረችም። ሕጉ ትክክል ነው። በወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ክፍያዋን ከፍላ፣ ለሆስፒታሉ የነፃ አስተርጓሚ ሆና ዋለች። ሌሎቹ የክፍል ጓደኞቿ በዚያ ቀን አንድ ጨመሩ፤ እሷ ባዶ እጇን ገባች። አማርኛዋ ቅናሽ ሆነባት።

ሁለተኛው ጊዜ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ታካሚዋ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ሌላ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ናት። ኢትዮጵያ እያለች የወለደችው የመጀመሪያ ልጇ ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወልዶ በሳምንቱ ሞቶባታል። ተማሪዋ ከመግባታቸው በፊት ተቆጣጣሪዋን አንድ ነገር ጠየቀቻት። «ታካሚዋን በአማርኛ እኔ ላማክራት። አስተርጓሚው ለአንቺ ያስተርጉምልሽ።»

ተቆጣጣሪዋ ትንሽ አሰበች። የምትመዝነውን ነገር በሌላ ሰው አፍ ልትሰማ ነው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጥግ አዞረችና የስልኩን ድምፅ ወደ ራሷ አዞረች። በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋት ሰው ታካሚዋ አልነበረችም።

«እህቴ፣ ስለ ልጁ ሊነግሩኝ የሚፈልጉትን ያህል ይንገሩኝ» አለች ተማሪዋ።

ሴትዮዋ ነገረቻት። ቀትር ላይ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር፤ ያኔ ነው ያገኛት። የባለቤቷ እናት ደግሞ «ይሄ ከእናንተ ቤት የመጣ ነው» ብለዋታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ኖራለች።

ተማሪዋ ቀትሩን አላጣጣለችም፤ ሳቅም አላለችም። የሕፃኑ ጀርባ የሚገጥመው ከተፀነሰ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ እንደሆነ ነገረቻት። «ያን ጊዜ እርጉዝ መሆንዎንም አያውቁም ነበር። ውኃው ቦታ ሲወርዱ ነገሩ አልፏል። እርስዎ ያደረጉት ነገር አይደለም።» ከአንድ ወገን ደም የመጣ እንዳልሆነም አስረዳቻት፤ ከአባትም ከእናትም የሚወረሱ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች፣ ከምግብና ከሌላም ጋር ተደምረው የሚያመጡት ነው።

ቁጥሩ ላይ ስትደርስ «ዕድል» የሚለውን ቃል ተወችው። «እንደ እርስዎ ያሉ 100 እናቶች አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል» አለች። «ሁሉም እንደገና ቢያረግዙ 97ቱ ያህል ጀርባው የገጠመ ልጅ ይወልዳሉ። ሦስቱ ያህል ያው ችግር ይገጥማቸዋል። አሁን ደግሞ ሁሉም ከማርገዛቸው ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው፣ ሐኪም የሚያዝላቸውን ከፍ ያለ ፎሊክ አሲድ ቢጀምሩ፣ ሦስቱ ወደ አንድ ይወርዳሉ።» ይህን ያረጋገጠው በእንግሊዝ ተመራማሪዎች መሪነት በተለያዩ ሀገሮች ተካሂዶ በ1991 የወጣ ጥናት ነው፤ በቀን 4 ሚሊግራም የወሰዱ እናቶች ላይ ችግሩ በሰባ በመቶ ያህል ቀንሷል።

ሴትዮዋ ጥያቄዋን ጠየቀች። «የኔ እናት፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ተማሪዋ ተምራዋለች፤ «ለእርስዎ መወሰን አልችልም» ማለት ነበረባት። አላለችም። «ከሁሉ የሚያስፈራዎ የትኛው ነው?» አለቻት። «እንደገና ማጣቱ ነው ወይስ ሳይሞክሩ መቅረቱ?»

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «የአማቴ አፍ ነው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ሳቀች፤ ስትስቅ ዕንባዋ መጣ። አስተርጓሚው ለተቆጣጣሪዋ ሲነግራት እሷም ሳቀች፤ ግን ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይታ ነው።

የተማሪዋ የዕለቱ ደብዳቤ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። እንግሊዝኛው ለመዝገብ፣ አማርኛው ለአማት። አማርኛው ግማሽ ገጽ ነበር፤ ሕመሙ በአንድ ወገን የሚመጣ እንዳልሆነ፣ ማንም ጥፋተኛ እንደሌለ የሚናገር። የቃላቱን አጻጻፍ እናቷን በስልክ እየጠየቀች አረመችው። ታካሚዋ በቁጥር 31ኛ ሆና ተመዘገበች።

ይህ ታሪክ የሚያምረው ተቆጣጣሪዋ ልበ ሰፊ ስለሆነች ነው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሌላ ባለሙያ ብትሆን «ያልገባኝን መመዘን አልችልም» ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ የተጻፈ መመሪያ አልነበረማ። አንድ ሙያ ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ እያገኘ ቋንቋውን እንዴት እንደሚቆጥረው አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ውሳኔው በየቀኑ በሰው ጠባይ ላይ ይወድቃል።

ነገሩ የቋንቋ ብቻም አይደለም። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው አንዳንድ መድኃኒቶችን እጅግ በፍጥነት የሚለውጥ ዘረመል ከአንድ በላይ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ኮዴይን ነው፤ በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለማወቅ ሐበሻ መሆን አያስፈልግም። ሆኖም የራሷ እናትና አክስቶች እዚህ ቁጥር ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ የምታውቅ ባለሙያ፣ በወረፋ መሀል ጥያቄውን የመርሳቷ ነገር ያነሰ ነው።

*

ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው፣ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት በሌላ ስም ተምራዋለች።

መንግሥት የሐኪም እጥረትን ለመፍታት በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ተቋማትን ከፈተ። ተማሪ መቀበል ቀላል ነበር። አልጋው፣ ስፔሻሊስቱ፣ የማዋለጃ ክፍሉ ግን በአዋጅ አይባዛም። አንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ሲቆም የኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። በ2011 ዓ.ም. የጤና ተማሪዎችና ሐኪሞች ነጭ ጋዋን ለብሰው አደባባይ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል የኢንተርኖች የሥራ ጫናና ክፍያ ነበሩበት። ያ ጥያቄ የሦስተኛዋ ወንበር ጥያቄ ነው፤ እየተማረ የሚሠራ ሰው ዋጋውን ማን ይክፈል?

የዘረመል ምክርም ቢሆን ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በ2012 ባሳተሙት ጥናት ተጋላጭነቱ በዘረመል እንደሚወረስ አሳይተዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ተጋላጭነቱ ይወረሳል፣ ጫማ ግን ያስቀረዋል። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ግማሽ ለዘመናት ያውቀዋል፤ «በዘር ነው» ብሎ ልጅ አይድርላቸውም። ሁለተኛውን ግማሽ ማን ይንገረው? በወላይታ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ለየቤተሰቡ እንዲያስረዱ ተሞክሯል። እነዚያ ሰዎች «የዘረመል አማካሪ» የሚል ባጅ አላንጠለጠሉም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ነገ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ልክፈት ቢል፣ የልምምድ ቦታው በከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለው የገጠር ቤት ደጃፍም ሊሆን ይገባል።

ደቡብ አፍሪካ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ሙያ ማስተርስ ትሰጣለች። እዚያም ማነቆው የመማሪያ ክፍሉ አልነበረም፤ በመንግሥት ሆስፒታል የሚገኘው የልምምድና የሥራ ቦታ ነበር። ስለዚህ ይህ የሀብታም ሀገር ቅንጦት አይደለም።

መፍትሔው የተሰወረ አይደለም። ተማሪ የሚይዝ ባለሙያ በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት ከታካሚ ኮታው ይቀነስለት፤ ማስተማሩ እንደ ሥራ ይቆጠርለት። ተማሪው ከሚኖርበት ከተማ ውጭ ሲመደብ ቢያንስ የኪራዩን ያህል ድጎማ ያግኝ፤ ካልሆነም ለዚያ ሴሚስተር የሚከፍለው ይቀነስለት። በሌላ ቋንቋ የተደረገ ምክር እንዴት እንደሚመዘንና እንደሚቆጠር አስቀድሞ ይጻፍ፤ ተማሪም የነፃ አስተርጓሚ አይሁን። ኮሮና በ2020 ክሊኒኮችን ሲዘጋ ብዙ ተማሪዎች በቪዲዮ ታካሚ አይተዋል፣ ታካሚ መስለው ከሚቀርቡ ሰዎች ጋርም ተለማምደዋል። ያ ልምድ የርቀቱን ወጪ ሊያቀልል ይችላል። ሙሉ ምትክ ግን አይሆንም፤ በስክሪን ላይ የታካሚው እጅ ሲንቀጠቀጥ አይታይም።

የዋሽንግተን አካባቢ ማኅበረሰብም ከዚህ ውጭ አይደለም። ዕቁቡና ዕድሩ አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመሸኘት በአንድ ሳምንት ብዙ ሺህ ዶላር ያሰባስባል፤ ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ነገር ግን ለሙታን የሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ነገ በአማርኛ ለሚያማክር ተማሪ የስምንት ሳምንት ኪራይ ቢሆን፣ አንዳንዱ ለቅሶ ይቀር ነበር።

አንድ ዩኒቨርሲቲ «ዘንድሮ ይህን ያህል ተማሪ ተቀበልኩ» ብሎ ሲያስነግር፣ ሜሪላንድም ይሁን መቀሌ፣ መጠየቅ ያለበት ቀጣዩ ጥያቄ አንድ ነው። ስንት ወንበር አዘጋጅተሃል? ኪራዩንስ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ «ተማሪው» ከሆነ፣ የሚመረቀው ሰው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ይታወቃል። ማን በሰው አፍ እንደሚመከርም ይታወቃል።